የጫካው ሞዴል 22

አንድ አንባቢያችን፣ ከሆሳዕና ብዙ በማይርቅ ወረዳ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነ ወጣት፣ ለዚህ ዓምድ የሚከተለውን ጥያቄ ልኳል።

«አለቃዬ በሚመጣው እሑድ ወደ ጊቤ በረሃ ወርደን ድኩላ እንድናድን ጋብዘውኛል። ጠመንጃውም ጥይቱም የእርሳቸው ነው፤ ከእኔ የሚጠበቀው እግሬ ብቻ ነው። ፈቃድ አለዎት ወይ ብዬ እንዳልጠይቅ አፈርኩ፤ አልሄድም እንዳልልም ፈራሁ። ለመሆኑ በዱር የሚኖረውን፣ ባለቤት የሌለውን እንስሳ ማደን ነውሩ ምን ላይ ነው?»

ጥያቄው አጭር ነው፤ ነገር ግን እንደ ቋጠሮ ሲፈታ ሦስት ጥያቄ ይወጣዋል። ድኩላው የማን ነው? ፈቃድ የሚባለው ወረቀት ምን ይሠራል? ወረቀቱ ቢኖርስ እንዴት ያደነ ሰው ነው አዳኝ ሊባል የሚገባው? ሦስቱንም በየተራ እንመልከታቸው። አለቃን የመፍራቱን ነገር ደግሞ አልረሳሁትም፤ በቦታው እንመለስበታለን።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ስም ጥቂት እንነጋገር። በእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ «ዲር» የሚባል እንስሳ ሲመጣ ተማሪው ሁሉ «አጋዘን» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ለንባብ ያህል ይበቃል፤ ለተፈጥሮ ትምህርት ግን አይበቃም። እውነተኛው ዲር ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ፣ በየዓመቱ ወድቆ በየዓመቱ የሚበቅል ነው። በአፍሪካ የሚገኘውም በሰሜኑ ጫፍ፣ እንደ አልጄሪያና ቱኒዚያ ባሉ አገሮች ብቻ ነው። የእኛዎቹ የሌላ ወገን ናቸው። ቀንዳቸው እንደ በሬና እንደ ፍየል ቀንድ በአጥንት ላይ የተሸፈነ ነው፤ እስኪሞቱም ድረስ አይወድቅም። ቀንደ ጠምዛዛው አጋዘን፣ በባሌና በአርሲ ተራሮች አካባቢ የሚኖረው የደጋ አጋዘን፣ ነጠብጣብ ያለበት ድኩላ፣ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ሹልክ የምትለው ሚዳቋ፣ በገደል ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው ሰስ፣ ፊተ ረጅሙ ቆርኬ፣ እነዚህ ሁሉ የአንድ ታላቅ ቤተ ዘመድ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ ስለ ዲር አደን የሚጻፈውን ሕግና ልማድ ስናነብ፣ በእኛ አገር የሚመለከተው እነዚህን እንደ ሆነ እናስብ።

እንግዲህ ድኩላው የማን ነው? «ባለቤት የሌለው» የሚለው ቃል በአገራችን ሕግ ዘንድ ቦታ ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ ዝሆን አደን መረን እንዳይወጣ፣ በተለይም ግልገሉ እንዳይገደል የሚከለክል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ስለ አውሬ ጥበቃ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 61 በነጋሪት ጋዜጣ ታተመ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ የዱር አራዊት ጥበቃ ድርጅት ራሱን ችሎ ተቋቋመ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ሲደርስ ነገሩ ይበልጥ ጠንከር አለ። ያለ ፈቃድ አድኖ የተገኘ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር እንዲቀጣ፣ ወይም ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር፣ ወይም ሁለቱም እንዲደርሱበት ደነገገ። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ደርጉና ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት በብዙ ነገር የማይስማሙ ሆነው ሳለ፣ በዚህ በአንዱ ነገር ግን አልተለያዩም፤ የዱር እንስሳ የማንም ሳይሆን የሁሉም ነው።

የሁሉም የሆነ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ለሐዲያና ለከምባታ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። በሐዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ ሊደርስ ሲል ጎረቤታሞች ዓመቱን ሙሉ ሲያዋጡ በቆዩት ገንዘብ ሠንጋ ይገዛሉ። ሠንጋው ታርዶ ሥጋው በቅጠል ላይ ሲደረደር፣ መደቡ እኩል እንዲሆን ከወዲህ ቆርሰው ከወዲያ ይጨምራሉ። ከዚያም ዕጣ ይወጣል። ባለ ሥልጣንም ሆነ ገበሬ የሚያነሣው የደረሰውን ነው። አንድ ሰው ከሰው ቀድሞ ሌሊት መጥቶ ሁለት መደብ ቢያነሣ ምን ይባላል? «ሥጋው ባለቤት የለውም ነበር» ብሎ ቢከራከር የሚሰማው ይኖራልን? ይህ ሰው የሰረቀው ከአንድ ሰው ባለ መሆኑ ጥፋቱ አይቀልለትም፤ እንዲያውም ከመላው ቅርጫ ስለ ሰረቀ ይብስበታል። ያለ ፈቃድ ድኩላ የሚገድል ሰው የሚሠራው ይህንኑ ነው። የሚለየው ባለመደቦቹ ብዙ መሆናቸውና አንዳንዶቹም ገና ያልተወለዱ መሆናቸው ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ፈቃዱ ምን ይሠራል?

አንባቢ ሆይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ የዕቃ ግምጃ ቤትን ሥርዓት ታውቃለህ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፤ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አንዲት ደርዘን እርሳስ ብትወጣ በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ትሆናለች፤ ንብረት ክፍሉም ይጠየቅባታል። ዱርም ግምጃ ቤት ነው። ግልገል ሲወለድ የጫካው ሞዴል 19 ተቆረጠ ማለት ነው። እንስሳ በነብር፣ በበሽታ፣ በእርጅና ወይም በሰው እጅ ሲወጣ ወጪ ነው። ነብርና በሽታ ሞዴል አይቆርጡም፤ ስለዚህ መቁረጥ የሚችለው ብቸኛ ፍጥረት፣ ማለትም ሰው፣ የራሱን ወጪ አጥርቶ መጻፍ አለበት። ገቢው ከወጪው ያነሰ እንደ ሆነ ግምጃ ቤቱ አንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ ጨረታ አውጥቶ ሌላ ድኩላ መግዛት አይቻልም።

በአሜሪካ ይህን ወጪ የሚመዘግቡበት ብልሃት ቀላልና ግሩም ነው። አዳኙ ከአደን ፈቃዱ ሌላ «ታግ» የሚሉትን ቁጥር ያለበት መለያ ካርድ ይገዛል። አንድ ታግ ለአንድ እንስሳ ነው። በብዙ ግዛቶች ዲሩን የጣለ ሰው ከወደቀበት ቦታ ሳያንቀሳቅሰው ቀኑን በካርዱ ላይ ምልክት አድርጎ በቀንዱ ወይም በእግሩ ላይ ያስረዋል። ከዚያም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስታውቃል። መሥሪያ ቤቱ ስንት እንደ ወጣ ቆጥሮ ለሚመጣው ዓመት ስንት ታግ እንደሚሸጥ ይወስናል። ብዙ የወጣበት ወረዳ በሚመጣው ዓመት ጥቂት ይሸጥለታል፤ መንጋው የበዛበት ወረዳ ብዙ ይሸጥለታል። ይኸውልህ፤ ከሞዴል 22 ምን ይለያል?

ይህ ብልሃት ከመሬት ተነሥቶ አልመጣም። አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ጨርሰው ካጠፉ በኋላ የደረሱበት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የዲር ሥጋና ቆዳ በገበያ እንደ ልብ ይሸጥ ስለ ነበር፣ ነጭ ጅራት የሚባለው ዲር በ1900 እ.ኤ.አ. አካባቢ በመላው አገር ከግማሽ ሚሊዮን እንደማይበልጥ ይገመት ነበር። በዚያው ዓመት ሌሲ የተባለ የምክር ቤት አባል ያመነጨው ሕግ ወጥቶ፣ ያለ ሕግ የታደነ እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይጓጓዝ ከለከለ። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ተደነገገ። ዛሬ ያ ዲር ከ25 ሚሊዮን በላይ እንደ ሆነ ይገመታል። አደን አልቀረም፤ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ይታደናል። ግን ወለዱ ይበላል እንጂ ዋናው አይነካም።

የእኛ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዷል። ምስክር የሚሆነንም ሩቅ አይደለም። ከሆሳዕና ተነሥተህ በአላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ ብትይዝ አጄ የምትባል ከተማ ታገኛለህ። ከአጄ ገባ ብሎ የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ አለ። በዚያ ሜዳ ላይ የሚሰማራው ቆርኬ ትከሻው ከፍ ያለ፣ ፊቱ የረዘመ፣ ጠጉሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ስዌይን በሚባል የእንግሊዝ መኮንን ስም በዓለም የታወቀው ይህ የቆርኬ ዘር ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ስዌይን ራሱ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢ በሶማሌ ሜዳ ሲዘዋወር በመቶ የሚቆጠር መንጋ በአንድ ጊዜ አይቷል። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው በሚጠሩት ዘመን፣ የከብቱን ዘር የፈጀው ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የዱሩንም እንስሳ አልማረም። ከበሽታው የተረፈውን ጠመንጃ ተቀበለው። በሶማሌ ሜዳ ቆርኬው ፈጽሞ ጠፋ። በእኛ በኩል በስምጥ ሸለቆው ውስጥ እዚህም እዚያም የቀሩትን ለማትረፍ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሰንቀሌ ተከለለ። በ1966 ዓ.ም. ገደማ ከዚያው እየተያዙ ወደ አዋሽና ወደ ነጭ ሳር የተወሰዱም ነበሩ፤ እንደ ታሰበው ግን አልበረከቱም። በሰንቀሌ መንጋው ወደ ሺዎች ደርሶ ሳለ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሆነ። ጠባቂ ሲጠፋ ጠመንጃ በዛ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሺዎች ወደ መቶዎች ወረደ። በዚያው ሰሞን በባሌ ተራሮች ፓርክ በጋይሳይ ሜዳ የነበረው የደጋ አጋዘንም ተመሳሳይ እልቂት ደርሶበታል። ከዚያ ወዲህ በሰንቀሌ ጥበቃው ሲመለስ ቆርኬው እንደ ገና ማንሰራራት ጀመረ። በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዜ ብሔራዊ ፓርክም ሌላ መጠጊያ ሆነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። በ1983 ዓ.ም. ቆርኬውን የገደለው ሰው ከሌላ ዓለም የመጣ ጨካኝ አልነበረም። ሥራ የነበረው፣ ልጆች የነበሩት፣ በሰላሙ ጊዜ አጥሩን አክብሮ በዳር የሚያልፍ የአካባቢው ሰው ነበር። አጥሩን የሚያከብረው ግን ጠባቂውን ፈርቶ ነበር። ጠባቂው በሄደ ማግሥት ሕጉም ከጠባቂው ጋር ሄደ። «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» ይባላል። ሕግ በሰው ልብ ውስጥ ካልገባ በነጋሪት ጋዜጣ መታተሙ ብቻውን አያድንም ማለት ነው። ይህም ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ያደርሰናል፤ እርሱም ፈቃድ በእጁ የያዘ ሰው እንኳ እንዴት ማደን ይገባዋል የሚለው ነው።

በጫካ ውስጥ ዳኛ የለም። ተመልካችም የለም፤ የሚያጨበጭብም የሚያፏጭም የለም። ኳስ ተጫዋች ኳሷን በእጁ ቢነካ ፊሽካ ይነፋበታል። አዳኝ ቢያጭበረብር ግን የሚያውቀው እርሱና እንስሳው ናቸው፤ እንስሳው ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ የአደን ደንብ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚፈተንበት ደንብ ነው።

የአሜሪካ አዳኞች ይህን ደንብ «ፌር ቼዝ» ይሉታል። ርቱዕ አደን ብንለው ያስኬዳል። በ1887 እ.ኤ.አ. በኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት ከጓደኞቹ ጋር ቡንና ክሮኬት የተባለውን የአዳኞች ማኅበር ሲያቋቁም ይህን ሐሳብ አስፋፋው። ፍሬ ነገሩ እንስሳው ለማምለጥ እውነተኛ ዕድል ሊኖረው ይገባል የሚል ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. ሩዝቬልት በሚሲሲፒ ግዛት ድብ ሊያድን ወጥቶ ሳይቀናው ሲቀር፣ አስጎብኚዎቹ አንድ ድብ በውሾች አስይዘው፣ ደብድበውና በዛፍ ላይ አስረው ይተኩስ ዘንድ ጠሩት። እርሱ ግን የታሰረ አውሬ አልተኩስም አለ። ድቡ በጣም ተጎድቶ ስለ ነበር ከሥቃዩ እንዲገላገል አዘዘ እንጂ ለራሱ ዝና አላደረገውም። ወሬው በጋዜጣ ሥዕል ተሥሎ አገሩን አዳረሰ። ዛሬ ሕፃናት አቅፈውት የሚተኙት «ቴዲ» የሚባለው የጨርቅ ድብ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ርቱዕ አደን ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው የሚል ካለ የአባቶቹን ልማድ አልመረመረም። በሐዲያ፣ በከምባታ፣ በአርሲና በአካባቢው ሕዝቦች ዘንድ፣ በሰሜንም በኩል፣ ዝሆን ወይም አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በአደባባይ ይከበር ነበር። ይከበር የነበረው ስለ ሥጋው አልነበረም፤ ነፍሱን ለአደጋ ስላጋለጠ ነበር። በጦር ወደ ጎሽ የሚጠጋ ሰው ጎሹም እርሱን ሊገድለው ይችላል። ትግሉ ሁለት ወገን ነበረው። በብዙ ቦታ ገዳይ የሚባለውም መጀመሪያ ደም ያፈሰሰው ነበርና በዚህ የተነሣ ክርክር ሲመጣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይዳኙ ነበር። ዳኝነት ካለ ሕግ አለ። ታዲያ ዛሬ ከሩቅ ሆኖ፣ በመኪና መብራት ዓይኗን አፍዝዞ፣ በሌሊት ሚዳቋ የሚተኩስ ሰው በፉከራ ጊዜ ምን ብሎ ሊፎክር ነው? «ዓይኗን ያሳወርኩ፣ ከመቀመጫዬ ያልተነሣሁ» ሊል ነውን?

ስለዚህ ጨዋ አዳኝ ሊጠብቃቸው የሚገቡትን ነገሮች በአጭሩ እንናገር። ከመኪና ላይ አይተኮስም፤ በሌሊት በመብራት አይታደንም። በበጋ ውኃ በጠፋበት ጊዜ አንዲቱ ኩሬ ዳር አድፍጦ መግደል አደን ሳይሆን ጥማትን ማጥመድ ነው። እንስቲቱ፣ በተለይም ያረገዘችው ወይም ግልገል ያላት፣ አትነካም። የሚመረጠው ዘሩን ተክቶ የጨረሰው አሮጌ ወንድ ነው። ከጥቅጥቁ ውስጥ ድምፅ ሰምቶ መተኮስ ክልክል ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ የሚንኮሻኮሸው የእንጨት ለቃሚዋ ልጅ ልትሆን ትችላለችና። ጥይት ከመተኮሱ በፊት ከእንስሳው በስተጀርባ ምን እንዳለ ይታያል። የቆሰለውን ደግሞ ደሙን ተከትሎ፣ ቢመሽም ቢነጋም፣ ፈልጎ መገላገል የአዳኝ ዕዳ ነው። በሳፋሪ አደን ልማድ ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ እንደ ተገደለ ይቆጠራል፤ አዳኙም ሂሳቡን ይከፍላል። ይህ ትክክል ነው፤ ሞዴል 22 በጥይቱ ይቆረጣል እንጂ በሥጋው አይቆረጥም።

ስለ ወጥመድ ለብቻው አንድ ቃል ልጨምር። ገመድና ሽቦ ዓይን የላቸውም። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢያንስ አይቶ ሊተው ይችላል፤ ወጥመድ ግን ወንዱንም ሴቲቱንም፣ እርጉዟንም ግልገሏንም እኩል ያንቃል። ያጠመደው ሰው ታሞ ቢተኛ ወይም ገበያ ቢውል ደግሞ የተያዘችው እዚያው ትበሰብሳለች። በአንድ ሞዴል ቁጥሩ ያልታወቀ ዕቃ ማውጣት ማለት ይህ ነው።

አሁን ተከራካሪዎቼን ላቅርብ፤ እነርሱም ተማሪዎቼ ናቸው። ይህን ነገር በክፍል ውስጥ ሳነሣ አንዱ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ የውጭ አገር ሰው በብዙ ሺህ ዶላር የደጋ አጋዘን ሲገድል ሳፋሪ ይባላል፤ የእኛ አባት ድኩላ ሲገድል ወንጀል ይባላል። ይህ ፍርድ ነው?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ መልሴን ጠበቀ። ጥያቄው እውነት ስላለበት በቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። በቁጥር በኩል ከሄድን ልዩነቱ ዜግነት ሳይሆን ሂሳብ ነው። ለደጋ አጋዘን ፈቃድ ሲሰጥ የኖረው በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች፣ በተወሰነ ቁጥር፣ ለወንዱ ብቻ፣ ጠባቂ አብሮ እየሄደ ነው። አንድ ይወጣል፤ አንድ ይጻፋል። ያለ ፈቃድ የሚታደነው ግን ስንት እንደ ሆነ ማንም አያውቅም። በፍርድ በኩል ከሄድን ግን ተማሪው ግማሽ መንገድ አሸንፏል። ከሳፋሪው ገንዘብ አብዛኛው ለክልሎች እንዲደርስ ተደንግጓል፤ ሆኖም ገንዘቡ በክልል ካዝና ቀርቶ በተራራው ሥር ለሚኖረው ገበሬ የትምህርት ቤት ጣራ ወይም የውኃ ቧንቧ ሆኖ ካልታየ፣ ገበሬው የቅርጫው ባለመደብ መሆኑን በምን ያምናል? አዋጥቶ መደብ ያልደረሰው ሰው በሚመጣው ዓመት አያዋጣም። የአራዊት ጥበቃን ሥራ የምትይዙ ወጣት ሠራተኞች ይህን ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት።

ሌላዋ ተማሪ ደግሞ «ከርከሮ በቆሎአችንን፣ ጃርት ድንቻችንን ሲጨርስ ማን ይከፍለናል?» ብላ ጠየቀች። እርሷም ልክ ናት። ሌሊቱን ሙሉ በማማ ላይ ሆኖ ሲጮህ የሚያድር ገበሬ ስለ አራዊት ውበት ቢሰበክለት አይሰማም። ሰብል የሚያጠፋና ሰው የሚጎዳ አውሬ ሲኖር ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ተነግሮ እንዲከላከሉት ሕጉ መንገድ አለው። መንገዱ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው፤ የሚረዝመውም ማመልከቻው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲተኛ ነው። ያ ጠረጴዛ የማን ነው? ምናልባት፣ አንባቢ ሆይ፣ የአንተ ይሆናል። የገበሬው ማመልከቻ በሦስት ቀን መልስ ቢያገኝ ወጥመዱን ለመዘርጋት ምክንያት ያጣል። ነገር ግን በቆሎ የበላው ከርከሮ ነውና ድኩላይቱ ስለ ከርከሮ ዕዳ አትሙት።

እነሆ ወደ ጠያቂያችን ደረስን። ወዳጄ፣ የአደን ፈቃድ አለቃ ለበታቹ በቃል የሚሰጠው ነገር አይደለም። ወረቀት ነው፤ ቁጥር አለው፤ ለየትኛው እንስሳ፣ ለስንት፣ በየት ቦታና እስከ መቼ እንደ ሆነ ይናገራል። አንተ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሰው ነህ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ከመዝገብ ቤትህ እንደማይወጣ ታውቃለህ። ያው ሕግ ጊቤ ድረስ ይከተልሃል።

እንዴት ልበል ትል ይሆናል። በሰው ፊት አትናገር፤ አለቃህን ማሳፈር የጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም፤ እልህም ያስገባቸዋል። ብቻቸውን በሆኑ ጊዜ ገብተህ «ጋሼ፣ ስለ ግብዣው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈቃዱን ካወጡ ቁጥሩን ልያዝልዎትና አብሬዎት ልውረድ። ካልወጣ ግን እርስዎንም እኔንም የሚያስጠይቅ ነገር እንዳይመጣ ፈርቼ ነው፤ ይህን እሑድ ይለፈኝ» በል። በዚህ ንግግር ውስጥ ስድብ የለም፤ ውሸትም የለም። አሞኛል ወይም ለቅሶ አለብኝ ብለህ ብታመልጥ ግን ለዚህ እሑድ ብቻ ነው የምታመልጠው፤ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሕመም መፈለግ ይኖርብሃል።

ይህን ብትል ምንም አይደርስብህም ብዬ አላታልልህም። አለቃህ አስተዋይ ሰው ከሆኑ ያመሰግኑሃል። ካልሆኑ ፊታቸውን ያጠቁሩብህ ይሆናል፤ በሥራ ውጤትህ ላይም ጥቂት ነጥብ ይጎድልብህ ይሆናል። ሰኞ ጧት አንድ የድኩላ ታፋ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ወደ ቤትህ ሊላክም ይችላል። ይህኛው ከግብዣው ይልቅ ይከብዳል፤ ሥጋውን የበላ አፍ በኋላ ስለ ሕጉ መናገር አይችልምና። በአክብሮት መልሰው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል በየቢሮው ሲነገር ትሰማለህ። ከቆርኬው ሜዳ የተማርነው ግን ሁሉም በሹመቱ ጊዜ ከበላ፣ ከሻሪውም ከተሻሪውም በኋላ የሚመጣው ልጅ የሚያየው ባዶ ሜዳ እንደ ሆነ ነው።

ለተማሪዎችም የምለው አለኝ። ለያሆዴና ለመሳላ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ሆመቾ፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ አንጋጫ፣ ወደ ዶዮገና፣ ታናናሾቻችሁ ውሻ አስከትለው ድኩላ ሊያሯሩጡ ሲወጡ ታገኙ ይሆናል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መሬቱ ጭቃ ነው፤ እንስሳይቱ እግሯ እየሰጠመ አትሮጥም፤ ውሾቹ ይይዟታል። ልጆቹ ይህን ጀግንነት ብለው ይጠሩታል። አትቆጧቸው፤ ልጅ በቁጣ አይማርም። ቁጭ አድርጋችሁ ስለ ቅርጫው ጠይቋቸው። «አባባ ሳይመጣ ከመደቡ ላይ ብታነሡ ምን ይላችኋል?» በሏቸው። መልሱን ከእናንተ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። ከዚያ ከቻላችሁ ውሻውን አስራችሁ ወደ ወንዙ ዳር ውሰዷቸው፤ ነፋሱን ወደ ፊታችሁ አድርጋችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ድኩላይቱ ውኃ ስትጠጣ የምታዩበት ቦታ ድረስ ተጠጉ። ያን ያህል ለመጠጋት ከመግደል የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል። የአዳኝ ትምህርት የሚጀምረውም ከዚያ ነው፤ ሰው አይቶ መተው የቻለ ጊዜ።